ሁለት ቀን በክንድ ላይ

አክስቴ አሚናት ከሐይቅ መጣች፣ ዘንቢሏን በእቅፏ ይዛ፣
ጠምበለል ነው አለች፣ የለቀምኩት ከነጤዛ፤
በሰሊጥ ዘይት ዘፍዝፌ፣ ከፀሐይ ሸሽጌ አኑሬ፣
አጥልዬ ሞላሁት በብልቃጥ፣ አሥራ ሁለቱን ቆጥሬ።
አንቺ የቦሩ ሜዳ ነርስ፣ የቆዳ ነገር የገባሽ፣
ከብልቃጡ ሆድ የሚለጠፍ ጥቂት ቃል ጻፊልኝ እባክሽ፦
«ማድያት ያጠፋል፤ ፊት ያፈካል፤ ጉዳት ከቶ የለውም፤
አበባ ጠላት አይሆንም።»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ።
መልሼ አስቀመጥኩ።

ሳማስ ምንድን ነው አክስቴ፣ ከአጥርሽ ሥር የበቀለው?
የቁልቋልስ ወተት፣ ዓይን የሚያጠፋው፣
ኮምቦልቻ ነው ወይ ፋብሪካው?
ሳቀች፤ ግን በግማሽ አፏ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ልጅ ከኩታበር መጣች፣
ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች።
ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጎረቤት የሰጠቻትን
የአበባ ቅባት ተቀብታ፣ አሳበጠው ጉንጮቿን፤
ቀልቷል፣ ውሃ ቋጥሯል፣ አንድ ዓይኗ ተከድኗል፤
«አበባ ነው ብለውኝ» አለች። ሌላ ምን ቃል ይገኛል?

አክስቴ ዝም አለች። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፦
የእኔ ፊት ጠራ፣ የሙሐባ ጠራ፣ የእናኑም ጠራላት አለች።
ሦስት ምስክር ለሸንጎ ይበቃል፣ አልኳት፣ ለቆዳ ግን ያንሳል፤
ሳይቀቡ የቆዩትንስ ፊት ማን አይቶ ያመሳክራል?
ደግሞ ክረምት ነበር ያኔ፤
ማድያቱን ያደበዘዘው ጠምበለሉ ነው ወይ ደመናው?
«አንቺ ልጅ» አለች፣ «ደመናን በብልቃጥ ሞልቶ ማን ሸጠው?»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እሷም ሰበሰበች።
ከክርን በታች ልቀባት ስል፣
«ውዱእስ?» አለች።
ከክርን በላይ አደረግነው፣ ለስላሳው ላይ፣ አንዳንድ ጠብታ፤
በእስክሪብቶው ዙሪያውን ከበብኩት፣ የሳንቲም ያህል ቦታ።
አትታጠቢው፣ አትከኪው፣ ሁለት ቀን እንጠብቅ አልኩ፤
ሁለት ቀንም ሁሉን አይናገርም፤ ይኼንንም አልሸሸግኩ።

ጦሳ ጉም ለብሶ ሰነበተ።

በሦስተኛው ቀን የእሷ ክንድ ንጹሕ።
የእኔ ላይ ግን፣ ከክቡ ጠርዝ፣
የጤፍ ፍሬ የምታህል
አንዲት ቀይ ነጥብ።
«ትንኝ ትሆናለች» አለች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ።
ትሆናለች።
ላትሆንም ትችላለች።
እዚህ ላይ ነው እውቀቴ የሚያልቀው፣
ከአንዲት ጤፍ ፊት።

ከዚያ ጻፍኩ፣ ቃል በቃል እያነበብኩላት፦
«ጠምበለል በሰሊጥ ዘይት። ቆዳ ያለሰልሳል።
መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪ፤ ሁለት ቀን ጠብቂ።
ዓይን አጠገብ አይቀባም።
ለማድያት መሥራቱን አላውቅም።»
«አላውቅም ተብሎ ይሸጣል?» አለች።
ግን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ
በራሷ እጅ ለጠፈቻቸው።

ሰኞ ማታ ደወለች። ከአሥራ ሁለቱ አራት ተሸጠ።
ብዙዎቹ አንብበው ሳቁ፣ አንዷ ተሳድባ ሄደች፣
አምስተኛዋ ግን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበች፤
እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ አለች።
አልከፈለችም ገና።
ረቡዕ ትመጣለች፤
እየጠበቅኳት ነው።