ጨነቅ ላይ

ከጨነቅ ሰፈር ላይ ጨነቀኝ ሰሃኑ፤
ውሃው ጣት ይቆርጣል፣ ገና ሳይሞቅ ቀኑ።
ሽባባው ወጥ ቤቱ ሦስት ዓይነት ወጥ ሠርቶ፣
ድስቱን ለእኔ ጥሎ ተኛ ጠግቦ በልቶ።
ስምንቱ እንግዶችም፣ ከጎንደር የመጡ፣
አመሹ ሰሃኑን ሲለዋውጡ።

ሽሮው ከድስቱ ሆድ እንደ ዕዳ ተጣብቋል፤
በጥፍሬ ስፍቀው ጥፍሬ ቀድሞ ያልቃል።
ጭላዳው ከማዶ ቁጭ ብሎ ያየኛል፤
እሱ ሣር ነጭቶ ጎርሶ፣ የምን ድስት ያጥባል!

ባለበቅሎው ማንደፍሮ አቁማዳውን ፈቶ፣
በሶ በመዳፉ በጥቂት ውሃ አሽቶ፣
ጨው ነገር ጣል አርጎ
ጎረሰ። አለቀ።
መዳፉን ልሶ «ዕቃ አጠብኩ» ብሎ ሳቀ።

ማታም የደባርቅ ድንች
ቀበረ ከረመጡ፣ ከትኩሱ አመዱ፤
ልጣጩን ለበቅሎው፣ ፍሬውን ለሆዱ።
እሳቱ ሲከስም አመዱ ብቻ ቀረ፤
እሱንም ነፋስ ጠረገው፣
ማንም ሳይነግረው።

ሽባባው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጣ፦
«ለነገስ ምን እንሥራ?»
መልስ አልሰጠሁትም።
የተሰነጠቀ ጣቴን ወደ ፋኖሱ ዘረጋሁ።
አየው። ዝም አለ።
ከዚያ ሦስቱንም ድስት ከጭነቱ ሥር ደፍቶ
ድንች መቁጠር ጀመረ፦
ለሰው ሦስት ሦስት፣
ለእኔ አራት።