የቆርቆሮው ሰዓት

ከለገሃር ጀርባ፣ ከዚራ ጫፍ ላይ፣ አሮጌው ቤታችን
አርባ ሦስት ክረምት የቻለ ቆርቆሮ ነበረው በላያችን።
ዝገቱ እንደ በርበሬ፣ እጅ ሲነካው የሚራገፍ፤
ነፋስ በመጣ ቁጥር ጠርዙ የሚርገፈገፍ።

ድሬ ፀሐይ አይጠፋባትም፤ ለሁሉ በነፃ ይታደላል፤
መብራት ሲሄድ ግን ቬንትሌተሩ ይቆማል፤
የእማዬ ትንፋሽ ያጥራል፤
ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ላይ ይተፋል።

እቁብ ሲወጣልኝ «ሶላር» አልኩ።
ሂክማ ከሳቢያን መጣች፣ ቴስተሯን ከሻሿ ሥር ሰክታ፤
መሰላሉን ወጥታ፣ ቆርቆሮውን በጣቷ መትታ፣
ወረደች። «ወላሂ፣ እዚህ ላይ አልሰቅልም።» «ለምን?» ብላት፣
«ፓኔሉ ሃያ አምስት ዓመት ይኖራል፤ ይሄ ጣራ ስንት ቀረው? ሁለት?
ያኔ ሽቦው፣ ብረቱ፣ ብሎኑ፣ ሁሉም ይወርዳል፤
አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።»

አናጢው ጋሽ ድምሴ ደግሞ የራሱ ኩራት አለው፤
«በአዲስ ቆርቆሮዬ ላይ መሰርሰሪያ የሚያሳርፍ ማነው?
እኔ ጨርሼ ልሂድ፤ ከዚያ የፈለገችውን ታድርግ፤
ሲያፈስ ግን ስሜን እንዳትጠሩ» አለ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ በወግ።

ሦስት ቀን ተኳረፉ፤ አንዱ ሲመጣ አንዷ ትቀር፤
ገንዘቤም እንደ ደቻቱ፣ ጠዋት ሙላት፣ ማታ አሸዋ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቆርቆሮው ወረደ።
ምስጥ የጨረሰው ወራጅ ፀሐይ ላይ ተጋለጠ።
ሁለቱም በአንድ መሰላል ወጥተው፣ ያንኑ እንጨት ሲያንኳኩ፣
«ይሄ ሸክም አይችልም» አሉ በአንድ አፍ፤ ገመድ ይዘው አብረው ለኩ።

ያን ሌሊት ጣራ አልነበረንም። አልጋችን ላይ ተንጋለን
ወደ ላይ ስናይ፣ እማዬ፣
«ይሄን ሁሉ የሚስማር ቀዳዳ ማን በሳው?» አለች፤ ሳቅን።

በማግስቱ አዲስ ወራጅ መጣ፤ መንጠቆው አስቀድሞ ታሰረ፤
ቆርቆሮው በላዩ ተነጠፈ፤ ፓኔሉ በተራው ተደረደረ።
ድምሴ ይበሳል፤ ሂክማ ጎማ ታለብሳለች፤
«በኔ ቀዳዳ ዝናብ ቢገባ!» ይላል፤
«በኛ» ብላ ታርመዋለች።

እንግዲህ አለቀ።
የሰፈሩ መብራት ሲሄድ የኛ አምፖል አልጠፋም፤
ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ዞረ፤ እማዬም አላላባትም።
የጎረቤት ልጆች ስልካቸውን ይዘው ደጃችን ላይ ተሰለፉ፤
ገመዶቹ እንደ ሐረግ ከሶኬቱ ላይ ተቃቀፉ።

እማዬ ግን ቅር ብሏት ወለሉን ታያለች፤
«ምን ጠፋብሽ?» ስላት፣
«ሰዓቴ» አለች።

ለካ በእነዚያ ቀዳዳዎች ፀሐይ እንደ ሳንቲም ይንጠባጠብ ነበር፤
አንዷ ሳንቲም ከበሩ ተነሥታ፣ ወለሉን አቋርጣ ስትሻገር፣
የሳጥኑን እግር ስትነካ፣ ስምንት ሰዓት ነው፤
የጅቡቲው ባቡር ይጮሃል፤
አባዬ ዘይት ዘይት እየሸተተ ይገባል።
ባቡሩ ከቆመ፣ አባዬም ከሄደ፣ ዘመን የለውም?
ሳንቲሟ ግን አንድ ቀን ዘግይታ አታውቅም።

«ድምሴ፣ አንዲት ሚስማር ብቻ ብሳልኝ» ብላ ለመነችው።
ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ መልስ አጠረው።
«አርባ ዓመት ስሠራ
አፍስልኝ ያለኝ ሰው አላየሁም» አለ በመጨረሻ፣
ሂክማን ሰርቆ እያየ፣ የሆነ ነገር እንድትል ሲሻ።

ሂክማ ምንም አላለችም። ወጥታ ሮጠች፤
የቆራሌውን ጋሪ መስጊዱ ማዕዘን ላይ ደረሰችበት፤
ሁለት አሮጌ ቆርቆሮ፣ የራሳችንን፣ መልሳ ገዛችበት፤
በራሷ ብር። ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

አሁን ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ ፈንጠር ብሎ፣ ለዶሮዎቹ ዳስ አለ፤
ድምሴ ነው የሠራው፤ ሚዛን እየያዘ፣ እንደ ቤተ መንግሥት እየለካ፣ እየማለ።
እማዬ ከሥሩ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች።
ዶሮዎቹ የብርሃኑን ጠብታ እህል መስሏቸው ይጭራሉ፤
አፈር ብቻ ሲያገኙ ግራ ገብቷቸው ቀና ይላሉ።

«ተዉት» ትላቸዋለች፤
«ገና ነው። ስምንት ሰዓት አልሞላም።»