አውራ ጣት

ልብ ወለዱ አንድ ነው፤ እኛ ስልሳ ሁለት።
መምህር አንማው ቢጨንቃቸው በምላጭ ከፈሉት፤
እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አርገው
አደሉን ከመዝገብ ስማችንን ፈልገው።
ሽፋኑን የወሰደው ደምሰው ነው፣ ያ ሰነፍ፤
መደምደሚያው ደግሞ ለመስኮት ዳር ረድፍ።
ለእኔ የደረሰኝ ከመሀል ጎድኑ ነው፤
ዘጠና ሰባት ጀምሮ፣ መቶ ሃያ ስምንት ላይ የሚቋረጠው።

«በሳምንቱ ተለዋወጡ» ተብለን ነበረ፤
ሳምንቱ ሳይሞላ የአባቴ ጀልባ ከደቅ ወዲህ ተሰበረ፤
የእኔም ትምህርት ቀረ።
ቁራጯን አልመለስኋትም። በፌስታል ጠቅልዬ
ከማገሩ ሥር ሸጎጥኋት፣ «ነገ እወስዳለሁ» ብዬ።

በዚያች ቁራጭ ውስጥ አንድ ባለሚዛን አለ፤
እህል በረንዳ ላይ ኪሎ እያስተካከለ፣
ሰው ዘወር ሲልለት ሳህኑን ከሥሩ
በአውራ ጣቱ ሽቅብ ደገፍ እያረገ የዋለ።
አንዲት ባልቴት መጣች፣ ሽንብራዋን አዝላ።
«ሠላሳ ነው» አላት።
«ቤት ሠላሳ አራት ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ።
እሱ ዝም።
እሷም ዝም።
ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ሄደች።
ቀረ እሱ ብቻውን፣ ከሚዛኑ ጋራ፤
ከጣቱ ጫፍ ላይ የሽንብራ አቧራ።
«አውራ ጣቱን አየና»
ይላል የመጨረሻው መስመር፤
ምላጩ እዚያ ላይ ወረደና።

አየና? አየና ምን ሆነ?
ማዕበል ባደረ ቁጥር፣ ቆርቆሯችን ሲያፏጭ፣
ያ ዓረፍተ ነገር ስንቴ በእኔ ተከደነ!
አየና አለቀሰ። አየና በድንጋይ ቀጠቀጠው።
አየና ሮጦ ደረሰባት፣ እግሯ ላይ ወደቀ፣ ላብ አሰመጠው።
አንዳንዴም፣ ሲመረኝ፣
አየና ቆረጠው።

ሃያ ስድስት ዓመት ዓሣ መዘንሁ፣ እዚሁ ማኅበሩ ግቢ፤
አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ የሚያዳልጥ ሲሚንቶ።
አለቃዬ ይለኛል፣ «ትንሽ ደገፍ አርጊው፣
ሁሉም ያደርገዋል፤ ልጆችሽን አስቢ።»
ጀግንነት አይደለም። ደመወዜ ጠባብ ነው፣ ልጆችም አሉኝ፤
ጣቴ ግን ከሳህኑ ሥር ሲደርስ
እሳት እንደ ነካ ሰው ተመለሰብኝ።

ባለፈው ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
መናኸሪያው አጥር ሥር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ጎረምሳ
ላስቲኩን ሲገፍፍ፣ እንዲሁ ሳገላብጥ፦
ያች ባልቴት! ያ ሚዛን! ያ ሽንብራ!
ሙሉ ነው መጽሐፉ። ሽፋኑን እንኳ አላየሁትም፤
ሦስት መቶ ብር ሲለኝ አልተከራከርሁትም።
ከዘንባባው ሥር ቆሜ መቶ ሃያ ዘጠኝን ገለጥሁ፤
ውሃ እንዳይነካው በሁለት ጣት ያዝሁ።

«…አየና፣ አከክ አከክ አድርጎ ወደ ምሳው ሄደ።»

ይኸው ነው።
ቀጥሎ በግማሽ መስመር «ሌላ ወረዳ ተዛወረ» ተባለና
ከመጽሐፉም ወጥቶ እብስ ብሎ ነጎደ።

ሳቅሁ። ባጃጆቹ ቆመው እስኪያዩኝ ሳቅሁ። ከዚያ ተናደድሁ።
ደራሲው የጣለውን ሰው ነው ለካ ሌሊት ሳስለቅስለት፣
ንስሐ ሳስገባው የኖርሁት፣
እሱ ምንም ሳይከፋው አንድ ዕለት።

በነጋታው ይበልጣል ጀልባውን አስጠግቶ፣
«ሠላሳ ኪሎ ቢሆን ነው» አለ፣ ቅርጫቱን አንሥቶ።
ጉም ነበር። ማንም የለም።
እሱም ፊቱን አዙሮ የተቋጠረ መረብ ይፈታል።
አውራ ጣቴን አየሁና፣
«ከገመትኸው» አልሁት፣ «ይበልጣል፣ ይበልጣል።»