ጋት

ከኋላ በር ወዲያ፣ ከጋዙ ሲሊንደር ሥር፣
ግንበኛ የረሳት፣ ሲሚንቶ ያልነካት አፈር፤
አራት ክንድ በሁለት።
ባንቻየሁ ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት፣
በእግሯ ጣት ጫን ጫን አርጋ መከረችበት፤
«ይበቃል» አለች።
ለምኑ እንደሆነ ግን ለራሷ አስቀረች።

ዓርብ ጧት፣ ችግኝ ቤት።
አቩ፣ ባለ ችግኙ፣ እርሳስ በጆሮው ሰክቶ፣
ማርቫ፣ ሉዊዛ፣ ሮዝማሪ፣ ይጠራል ጣቱን አንስቶ፤
እሷ ቅጠል ትቆነጥራለች፣
ታሻለች፣ ታሸታለች፣ ዝም ትላለች፤
ልጅ እንደሚድር ሰው ሰባት ቤት ትቆጥራለች።
«ፀሐይ ይችላል? ውሃ ላይ እንዴት ነው? ቁጡ ነው?
ከጎረቤቱ ጋራ ጠባዩ እንዴት ነው?»
በዕብራይስጥ ልተረጉም አፌን ከፈትኩና
ተውኩት፤ ቁጡ ተክል በምን ቃል ይነገርና።

ኮሰረት ጠየቅነው፤ በስልኩ ፈለገና
«ይህ ከየት አገር ነው?» አለን፣ ቀና አለና።
ለቅቤ ነው አልነው።
«ለቅቤ?»
ዝም ተባባልን።
ዛታር ግን ሞልቶታል፤
ከኮረብታ የነቀለው ይቀጣል፣
እዚህ በዘጠኝ ሼቅል ይሸጣል።
ደጋግማ አሸተተችው። «የጦስኝ ባልንጀራ ነው፣
ግን ደጋ አያውቅም» አለችና መለሰችው።

ሂላ፣ የልጅ ልጃችን፣ ባሲል ካልሆነ አለች፣
ፓስታዋን ታስባለች።
«በሶብላና እሱ የአክስት ልጆች እንጂ አንድ አይደሉም፤
የኛው ሳይደርቅ አይናገርም፣ ያ ከደረቀ አይናገርም።»

ማታ አማቻችን ኔታኤል፣ ኪፓውን አስተካክሎ፣
ገባ ከነሜትሩ፣ ችግኙን በዓይኑ ከፋፍሎ፤
ሁለት ዘር ባንድ እርሻ አይቀላቀልም ይላል ኦሪት፤
«ሦስት ቴፋኽ ይራራቁ፣ ስድስት ቢሆን ደስ ባለኝ»
አለ፣ በዚያ በትሕትናው ጉልበት።
ምን ያህል ነው ብለው አራት ጣቱን ገጠመልኝ።
«ጋት!» አልኩ፤ ሳቄ አመለጠኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት
በመብራት ደረሰኙ፣ በአውቶቡሱ ግንባር፣ በመታወቂያዬ ላይ
ቅርያት ጋት፣ ቅርያት ጋት የሚል ሳይ፣
(በነሱ ወይን መርገጫ ማለት ነው፤ እሺ፣ ይሁን)
አንድ ቀን እንኳ ጣቴን ገጥሜ አልለካሁም ስሟን።

ለካን።
በጋት ሲመነዘር መሬታችን አነሰ፤
ካሥራ አንዱ እጩ ስድስቱ ወደ አቩ ተመለሰ።
ሮዝማሪው ሄደ፤ (የማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ሞልቶታል፣
ለጥብስ አንድ ዘንግ ብንቆርጥ ማን ያየናል?)
ናና ቆርቆሮ ውስጥ ታሰረ፣ እግሩ ረጅም ነው ተብሎ፤
ባሲል ጥግ ተሰጠው፣ በሂላ ኩርፊያ ተከልሎ፤
በሶብላው ከግንቡ ሥር፣
ጤና አዳም መካከል ቆመ።
ፍሬሐ ባጥር አየችው፣ ፊቷ ለመለመ፤
«ፊጀል!» አለች፣ የማራካሿ ጎረቤቴ፣
እኛ ለሆድ ቁርጠት፣ እሷ ለሰው ዓይን፤
አንድ አንድ ቀንበጥ ቆርጣ ከጆሯችን ጀርባ ሻጠችልን።

ሦስት ጋት ባዶ ቀረ፣ ከቧንቧው አጠገብ።
«ዛታሩን ላምጣው?» አለ ኔታኤል።
«ተይዟል።»
«በማን?»
«በኮሰረት።»

ግንቦት ላይ የበረሃው ነፋስ ሦስት ቀን እንደ ምድጃ አፍ
ነፈሰ፤ ጠቆረ ባሲሉ ከሥሩ እስከ ጫፍ።
ሂላ ሌላ ገዛች፤ ያም ሄደ።
እኔ በየማታው ጎማውን ስቤ አጠጣለሁ፣
ሁሉን በየወረፋው፣
ያቺንም ባዶ።
የውሃ ሒሳቡ ሲመጣ ዝም ብዬ እከፍላለሁ።

ትናንት ፍሬሐ አጥሩ ላይ ተደግፋ
«እዚያ ጭቃው ላይ ምን ዘራችሁ?» ብትላት፣
ባንቻየሁ ቀና ሳትል
አራት ጣቷን ገጥማ አሳየቻት።