ሐብሐቡ ላይ የተሳለ ዓለም

እኔ ተማሪው አልነበርኩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።
ሴት ልጅ ነኝ፤ ለሐር ትል ቅጠል የምለቅም፣ ውሎዬ ዛፍ ላይ ነበር፣
ከአጥሩ በላይ። ከታች በግቢው ወንዶቹ ሲማሩ፣
ቅጠሉን ትቼ ቃል ለቀምኩ፤ ትሎቼ ጾም አደሩ።

ሙዓሊም ኢስማትዲን ይሉታል፤ ቀጭን፣ ሳል የማይለየው፣
ካባው ከክርኑ አልቆ ሸሚዙ የሚታየው።
ቀን መጣፍ ይገልጣል፤ ማታ መጣፍ ይጀምራል፤
መርፌው የቱ፣ ብዕሩ የቱ፣ ከሩቅ ላየው ማን ያውቃል?
ለዘጠኝ ልጅ ሲያስተምርም እንደ አዋጅ ነጋሪ ይጮኻል።

አንድ ቀን ሐብሐብ አመጣ፣ ከኮካንድ ገበያ፣ በዱቤ፤
በቢላ ጫፍ ልጣጩን ጫረ፤ ባሕሩ ገባ በልቤ።
"ምድር ይህች ናት፣ ክብ" አለ፤ "እኛም ይኸው፣ ትንሽ ነቁጥ።"
ኢማሙ በአጥር ሰምተው ቆሙ፣ ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ።
እሱ ግን ዓለሙን ሰነጠቀ፤ ለሁሉም አካፈለ።
"እንዲህ ነው የሚበላው፣ ተካፍሎ ነው" አለ።
ለኢማሙም ድርሻ ላከ። ቀኑ ሐሩር ነበር። በሉ።

የከተማውን ታሪክ ጻፈ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት።
"ይህን ግንብ ካኑ ሠራው" የሚል መስመር ነበረበት።
ጡብ ሠሪው ታሽፑላት፣ ፊደል ያልቆጠረው፣
ሲነበብ ሰምቶ፣ "ካኑ ነው ወይ ጭቃውን የረገጠው?"
ብሎ ሳቀ። ሙዓሊም አልሳቀም። ብዕሩን ነከረ፤
አንድ መስመር ሊሰርዝ ገብቶ መጽሐፉን ሁሉ ሰረዘ፤ እንደገና ጀመረ።
ከዚያ ወዲያ የጻፈው፦ የስንዴ ዋጋ በድርቅ ዓመት፣
የቦይ ውኃ ተራና ጠቡ፣
የጡብ ሠሪዎች ስም፣ ስልሳ ሁለት።

የወሰዱት በመኸር ነው። እነማን እንደሆኑ አልጽፍም፤
ያኔ በስም አልጠራናቸው፣ ዛሬም አፌ አይደፍርም።
ሦስት ሰው፣ አንድ ጋሪ፤ መጻሕፍቱ በጆንያ።
በሩ ላይ ሲደርስ ቀና አለ፤ ለካ ያውቅ ኖሯል እዚያ
መኖሬን።
ምንም አላለም።
ያ ሁሉ ጩኸት ለማን እንደነበር
የገባኝ የጋሪው አቧራ ሲበር።

እኔም አርባ ዓመት አስተማርኩ። መጽሐፉ የለም፤ አልተገኘም።
ከስልሳ ሁለቱ ስም ዐሥራ ዘጠኙን ይዣለሁ፤ ሌላው አልመጣ አለኝ።
ልጆች ፊደል ሲለምዱ የማስጽፋቸው እነዚያን ነው፤
ታሽፑላትን ሲሳሳቱ አልቆጣም፤ ስሙ ረጅም ነው።
ሲያነቡልኝ ደግሞ መስኮት እከፍታለሁ፣ ክረምትም ቢሆን፤
ድምፄንም ከፍ አደርጋለሁ።
ከውጭ ማን እንዳለ አላውቅም።