የትርጉም እርማት

ወይዘሮ፣ ስምዎን አልያዝኩትም፤
አንገትዎ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ አላነበብኩትም።
የደረቡት ቢጫ ሰደርያ ግን ከዓይኔ አልጠፋም፤
ከእሽጉ የወጣበት እጥፋት ገና አልተፈታም።

ሻርጃ ነበር፣ ሰናኢያ፣ የጎማ ጠጋኞች መንደር፤
የሰባት ሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት አዳራሽ በር
እርስዎ ሲገቡ ተሰልፈን ነበር።

በማለዳ ሙዲሩ የብረት ሣጥኑን ከፍቶ፣ ስም እየጠራ፣
ፓስፖርታችንን አደለን፣ በየተራ።
ሁለት ዓመት ያላየሁትን ፊቴን አየሁት ለአፍታ፤
ጉንጬ ሙሉ፣ ከንፈሬ ላይ ሊፈነዳ የደረሰ ፈገግታ።
«ማታ መልሱ» አለን።
ይህን አልሰሙም፤ ገና መንገድ ላይ ነበሩ።

ከሐበሾቹ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ እኔ ብቻ ነኝና
በእርስዎና በሷሊሃ መካከል ቆምኩ፣ ልተረጉም፣ እጄን አጣምሬ።

ሷሊሃ ይመር የሐርቡ ልጅ ናት። ትልቁን መተኮሻ
አንሶላ ታጎርሰዋለች፣ ከንጋት እስከ መምሻ።
ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ተደርድሯል፣ እንደ መሰላል፤
እጅጌዋን ግን አውርዳዋለች። በዚያ ወበቅ እጅጌ ማውረድ ምን ይባላል?

ጠየቁ፦ «ድርጅቱ ደመወዝሽን በወቅቱ ይከፍልሻል?»
ተረጎምኩ። ከኋላዬ ሙዲሩ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።
ሷሊሃ መሬቱን አየች። ቀጥላ እኔን።
«ከፍሎኛል» አለች። ትንሽ ቆየች።
«እኩል አድርጎ ከፍሎኛል።»

እንግሊዝኛዬ ሰሙን ብቻ አንሥቶ ሰጠዎት፤
ወርቁን ምላሴ ሥር ደበቅኩት፣ አላሳየሁዎትም።
ከትንሿ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረጉ።
የእስክሪብቶዎን ጭረት ሰማሁት።

አማርኛ አያውቁም፤ አልፈርድብዎትም።
እኛ ዘንድ መክፈል አንድ ቃል ነው፦ ለሠራ ሰው ዋጋውን መስጠትም፣
ግንድን በመጥረቢያ ለሁለት ማድረግም።
ሷሊሃ ስለ መጥረቢያው ነበር የነገረችዎት።

እርማቱ እንዲህ ነው፤ ይጻፉልኝ፦
ከወገቧ በላይ ያለው ለመተኮሻው ተሰጥቷል፤
ከወገቧ በታች ያለው ሲያብጥ ውሎ ማታ ባልዲ ውስጥ ይነከራል።
ግማሽ ደመወዟ ለደላላ ዕዳ፣ ሩቡ ለአልጋ ኪራይ፤
የሦስት ወሩ ጨርሶ የለም፣ እንኳን ሊነካ ሊታይ።

ለምን ዝም አልሽ ይሉኝ ይሆናል።
ቢማላ፣ የኔፓሏ፣ ስለ ትርፍ ሰዓት ጠየቀች፣ አንድ ሐሙስ።
ዓርብ ፍራሿ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፤
ነጠላ ጫማዋ አልጋው ሥር ቀርቷል፤ ግራው ብቻ።
እስከዛሬ ያነሣው የለም። እየዞርነው እንጠርጋለን።

ወረቀትዎ አሁን ከሆቴሉ ወደ ባለቤቶቹ ያልፋል፣
ከባለቤቶቹ ወደማላውቀው አገር፤ እያንዳንዱ እጅ ይፈርማል።
ከሁሉም ጫፍ አንድ እንግዳ ጫማውን አውልቆ ይጋደማል፣
አንሶላውን ይዳስሳል፣ «ንጹሕ ነው» ይላል።
አልዋሸም። እኛ ነን ያጠብነው።

ማታ ሣጥኑ ተከፈተ። ተሰለፍን።
ሃያ አራት ሰጥቶ ሃያ ሦስት ቆጠረ።
ደግሞ ቆጠረ።
ሻንጣችንን ገለበጡ፤ የትራሳችን ጥጥ ወለሉን ሞላ፤
«ጠፋብኝ» አለች ሷሊሃ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤
እጅጌዋን ሰብስባ ነበር፣ እስከ ክርኗ።

ወይዘሮ፣ እስክሪብቶዎ ወድቆ ጎንበስ ሲሉ እኔ አይቻለሁ።
ማህደርዎን ይግለጡት፤ ምናልባት ከእሳት አደጋ መውጫው ካርታ ሥር ነው።
የመጨረሻው ገጹ ላይ በእርሳስ የተጫሩ መስመሮች አሉ፣
ዘጠና፤ ያልተከፈሏት ቀናት።
ከማለዳ እስከ ረፋድ ሽንት ቤት ተቀምጣ የጫረቻቸው።
ስትጭር በሩን የጠበቅኩላት እኔ ነኝ።

ሰው ሲያወራ ሰማሁ፦ መዝገብዎ ከወር በፊት አይዘጋም።
እንግዲያው ከስሟ አጠገብ ያለውን ምልክት
እባክዎ፣ በገዛ እጅዎ ይሰርዙት።
የእኔንም ስም ይጻፉ፤ አስተርጓሚ ከሚለው ፊት ለፊት
ቦታው ባዶ ነው፤ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም ነበር።