ሁለት ማጉያ በምድር ቤት

ታምፔረ ላይ ጥር ነው፤ ፀሐይ እንደ እንግዳ
ኮቷን ሳታወልቅ ውልቅ አለች ማልዳ።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ካውያዬ ግሎ፣
የሊዱ ጢስ ወጥቶ ዓይኔን አቃጥሎ።

በግራ የአባቴ፣ የኡርፖ ማጉያ፣
ክዳኑ የኖረ የቢራ ማኖሪያ።
በቀኝ የአጎቴ የካውኮ፤ ንጹሕ ነው፣
እሑድ እሑድ በጨርቅ የሚወለውለው።

ሁለቱም ወንድሞች አንድ ባንድ ነበሩ፣
በየጭፈራ ቤቱ አብረው የከበሩ።
የአባታቸው ጎጆ፣ ሐይቁ ዳር ያለው፣
ተሸጠ በመሃል፤ ማን ነው ያጎደለው?
ማን ነው የፈረመ? እኔ አላወቅሁም፤
አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፣ አልተነጋገሩም።
ዝምታ በፊንላንድ ነውር አይባልም፤
የእነዚህ ዝምታ ግን ዝም አይልም።

ማጉያቸውን ግን ለየብቻ ሰጡኝ፤
አንዱ ደጃፍ ላይ፣ አንዱ በታክሲ ላኩልኝ።
እኔም አሰብኩ፦ የአንዲት ጊታር ድምፅ ከፍዬ ለሁለት
ግራና ቀኝ ልዘርጋት፣
ሰፊ፣ እንደዚያ ሐይቅ፣ ከዳር እስከ ዳሩ፣
እንዲመላለሱ፣ እንዲነጋገሩ።

አንዱን ብቻ ስሰካ ሌሊቱ ጸጥ ነው፤
ሌላውን ብቻውን ስሰካም ያው ነው።
ሁለቱን በአንድ ገመድ ሳስተሳስር ግን
እምምምምምም…
በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ቂም፣
ጥርሱን እንደነከሰ ሰው፣
ገመድ ብቀይርለት፣ ፔዳሉን ብረግጠው
የማይተው።
ግራው ግራ ገባው፤ ቀኙም አልቀናውም፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ እኔም አልተኛሁም።

ኋላ ነው የገባኝ። እያንዳንዱ ወደ ምድር
የራሱ መንገድ አለው፤ በእኔ ገመድ ደግሞ መሃል ላይ ሲተሳሰር
መንገዱ ክብ ይሆናል፣ መውጫ የሌለው ቀለበት፣
እንደ ድሮ ጠብ፣ አለቀ ሲባል የሚጀመርበት።

ኦይቫ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው፣ ወርዶ አየና
"ቀላል ነው" አለኝ ገና፣
"የአንዱን ሶኬት የናስ ከንፈር በፕላስተር ሸፍኚው፤
ከምድር ሲለያይ ዝም ነው የሚለው።"
ዝም እንደሚል አውቃለሁ።
ግን አንድ በጋ፣ ክፍት መድረክ ላይ፣ ዘፋኝ አይቻለሁ
ማይክሮፎኑን ሲጠጋ
ከንፈሩ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ፤ ከዚያ በጀርባው ተዘረጋ።
ተረፈ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከቶ አልደፍር፦
ከምድር የለያዩት ያገባል ከምድር።

ከሞተ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ፈልቅቄ አወጣሁ
የክብሪት ሳጥን የምታክል ትራንስፎርመር፤ መሃል ላይ በየድኩ።
ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ በውስጧ፤ ተቀራርበው ይኖራሉ፣
አይነካኩም፤ ይሰማማሉ።
ድምፁ ይሻገራል፤ ጉርምርምታው
ወዲያ ማዶ ይቀራል ከነጣጣው።

መጀመሪያ ስመታው ግን ድምፁ ኮሰሰ፣
መሃሉ ሟሸሸ፣ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤
አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል ለካ!
ሁለት ሽቦ አዛወርኩ። ሞላ፣ ደረቴን ነካ።

ለሁለቱም ደወልኩ። አንዱ ስለሌላው አልነገርኩም።
መጡ። ከነበረዶ ጫማቸው። ሰላም አልተባባሉም።
አባቴ ግራ፣ ካውኮ ቀኝ፣
በቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጠው አዩኝ።

እምምታው የለም። ነገር ግን አንዲት ቀጭን ዝዝዝ፣
እንደ ትንኝ፣ ከየት እንደምትመጣ የማትያዝ።
ፊቴ ቀላ።
ሁለቱም አንገታቸውን አቀኑ፤ ጣሪያውን አዩ በአንዴ፣ እኩል፣ ሳይማከሩ፤
ካውኮ "አምፖሉ ነው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለአየሩ።
አባቴ ተነሣ። "ነው" አለ። ማጥፊያውን ጫነ።

ምድር ቤቱ ጨለማ ሆነ፣
ሁለት ቀያይ መብራት ብቻ፣ አንድ ከግራዬ፣ አንድ ከቀኜ፣
እና እንዲህ ያለ ጸጥታ፣ በረዶው ውጭ ሲወርድ የሰማሁ መሰለኝ እኔ።

"ምቺዋ እንግዲህ" አለኝ አንዳቸው።
የየትኛው ድምፅ እንደሆነ አልለየሁም፤
እኔ የቆምኩት መሃላቸው።